«ተሠራ» ከማለታችን በፊት

አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ራሱ በቤቱ የገጣጠመውን ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ተሸክሞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ማዘርቦርዱን፣ ራሙን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ኬዙን በየወሩ ባጠራቀማት ገንዘብ ከልዩ ልዩ መደብሮች ገዝቶ ያገናኛቸው ናቸው። ኮምፒዩተሩ ግን በሥራ መካከል ድንገት ድርግም ይልና እንደገና ራሱን ያስነሣል። ይህም በአማካይ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ይደርሳል። ጓደኞቹ «ቫይረስ ነው» ስላሉት ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርጎታል፤ በሁለተኛው ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፉ ሦስት ምዕራፎች አብረው ጠፍተዋል።

እኔም በተራዬ ተሳሳትሁ። ኬዙን ከፍቼ ጥቂት ከተመለከትሁ በኋላ «ራሙ ነው» አልሁት። አዲስ ራም ገዛ። ኮምፒዩተሩ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይጠፋ በመሥራቱ «ተሠራ» ብዬ አሰናበትሁት። በሦስተኛው ቀን ማታ ስልክ ደወለና «መምህር፣ እንደገና ጠፋ» አለኝ። ገንዘቡን በከንቱ ያስወጣሁት እኔ ነኝና አፈርሁ። ይህን የምጽፈው ስሕተቱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ስለማምን ነው። አልፎ አልፎ ብቅ እያለ የሚሰወር ብልሽት የሚያሸንፈን በችኮላችን ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። ብልሽቱ በአማካይ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ፣ ነገር ግን በዘፈቀደ የሚከሠት ነው እንበል። ምንም ጥገና ሳይደረግለት ለሁለት ቀን ዝም የማለት ዕድሉ ስንት ነው? ፕሮባብሊቲ የተማረ አንባቢ በፖይሰን ቀመር ሊያሰላው ይችላል፤ መልሱ 37 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ ራሙን ባንለውጠው ኖሮም፣ ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ኮምፒዩተሩ «ተሠርቶ» ይታየን ነበር ማለት ነው። ለስድስት ቀን ዝም የማለት ዕድሉ ግን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ከዚህ አንድ ቀላል ደንብ እናገኛለን፤ አጠቃቀሙ እንደ ቀድሞው ሆኖ፣ ብልሽቱ የሚመላለስበት አማካይ ጊዜ ሦስት እጥፍ ሳያልፍ «ተሠራ» ማለት አይገባም።

በሁለተኛው ሙከራ ደብተር ከፈትን። ተማሪው ኮምፒዩተሩ የጠፋበትን ሰዓት፣ ያን ጊዜ ይሠራ የነበረውን ሥራና ከተከፈተ ስንት ደቂቃ እንደ ሆነው ይመዘግብ ጀመር። ከሳምንት በኋላ መዝገቡን ስናነብ፣ ኮምፒዩተሩ ጽሑፍ ሲጻፍበት አንድም ጊዜ እንዳልጠፋ፣ የሚጠፋውም ሲፒዩውና ግራፊክስ ካርዱ ከባድ ሥራ በጀመሩ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እንደ ሆነ ተረዳን። ሙቀታቸውን ለካን፤ ከተፈቀደው አላለፈም። አሮጌውን ራም በመመርመሪያ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ፈተንነው፤ አንዲት ስሕተት አልተገኘችበትም። ቀጥለንም ከፓወር ሰፕላዩ በሚወጡት በቢጫውና በጥቁሩ ሽቦዎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ለካን። ኮምፒዩተሩ ሥራ ሲፈታ 12 ቮልት ገደማ ነበር፤ ሥራ ሲከብድበት ወደ 11.1 ቮልት ወረደ። በተለመደው የኤቲኤክስ ደረጃ መሠረት ይህ መስመር ከ11.4 በታች መውረድ፣ ከ12.6 ቮልትም በላይ መውጣት የለበትም።

ከዚያ የላቦራቶሪውን ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ተክተን፣ ሌላ ምንም ሳንነካ ስምንት ቀን ጠበቅን። ኮምፒዩተሩ አልጠፋም። በዚህም ሳንረካ አሮጌውን መልሰን ብንገጥመው በማግሥቱ ጠፋ። ያመንነው ያን ጊዜ ነው። «መጥፎ ነው» ያልሁት አሮጌ ራም ዛሬም በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ እንከን ይሠራል።

በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች በሙቀት ያረጃሉ፤ በተለመደው ግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ማራገቢያውን ከአቧራ መጠበቅ ይጠቅማል። ሽፋኑን ግን መክፈት አይገባም፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቢሆን ካፓሲተሮቹ አደገኛ ቻርጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉና።

«ጠጋኝ ይህን ሁሉ ለመጠበቅ ጊዜ የለውም» የሚል መከራከሪያ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ነው። በመደርደሪያው ላይ የተፈተኑ መለዋወጫዎች ላሉት ባለሙያ እየቀያየሩ መሞከር ፈጣን መንገድ ነው። አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ላለው ተማሪ ግን እያንዳንዱ ግምት ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ፎርማት ማድረግማ የባሰ ነው፤ የባለቤቱን ሥራ ብቻ ሳይሆን ዊንዶውስ ኮምፒዩተሩ ያለ አግባብ የጠፋባቸውን ጊዜያት የሚመዘግብበትን ማስረጃ ጭምር ይደመስሳል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

መዝገብ መያዝ በዚህ ሙያ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 የሃርቫርድ ማርክ 2 ኮምፒዩተር ሠራተኞች በሪሌ ውስጥ ያገኟትን የእሳት እራት በሥራ መዝገባቸው ላይ ለጥፈው፣ ሰዓቱን ጽፈው አኖሩ። መዝገቡ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ይገኛል።

ስለሆነም ለትምህርት ክፍሎቻችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየላቦራቶሪው ማእዘን የተጣሉት ብልሹ ኮምፒዩተሮች ለተማሪዎች የቤተ ሙከራ ሥራ ይሁኑ። ተማሪው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ የለወጠውንና ያየውን ይጻፍ፤ የጠረጠረውን ክፍል አውጥቶ፣ መልሶም አስገብቶ ይፈትን። ኮምፒዩተሩ ባይነሣም እንኳ ማርኩን በደብተሩ ያግኝ። ያ ተማሪ የጠፉትን ሦስት ምዕራፎች እንደገና ጽፎ ተመርቋል። አስቀድሜ ደብተር አስከፍቼው ቢሆን ኖሮ ግን የራሙ ገንዘብ ከኪሱ ባልወጣ ነበር።