ሰማያዊቱ ሣጥንና የእኛ ካሴቶች

የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና ባለቀ ማግስት የአዳማ ሙቀት እንቅልፍ የከለከለን ስድስት ተማሮች በአንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበን፤ አንድ የቆየ የእንግሊዞች የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ማየት ጀመርን። ስሙ «ዶክተር ሁ» ይባላል። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ተዋናዩ በር በዘጋ ቁጥር ግድግዳው ይወዛወዛል። «ዳሌክ» የተባለው አስፈሪ ፍጡርም የተገለበጠ በርሜል መስሎ፤ በእጅ ፋንታ የተደፈነ ቧንቧ የሚከፈትበትን ጎማ ወድሮ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ስናይ ሳቅን። እየገፋን ስንሄድ ግን ሳቁ ቀረ፤ ሻይ ላፍላ ብሎ የተነሣም አልነበረም።

ነገሩ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከሌላ ዓለም የመጣ፤ ስሙ የማይታወቅ አንድ ሽማግሌ አለ፤ «ዶክተር» ብቻ ይሉታል። የሚጓዘውም ሰው ፖሊስ እንዲጠራባት በለንደን መንገድ ዳር ትቆም በነበረች ሰማያዊ የስልክ ሣጥን ነው። ሣጥኒቱ ከውጭ ሲያዩዋት ከሁለት ሰው በላይ የምትይዝ አትመስልም፤ ውስጧ ሲገቡ ግን አዳራሽ ታህላለች። ከቦታ ወደ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከዘመን ወደ ዘመን ትሻገራለች። ድራማው በቢ.ቢ.ሲ. መታየት የጀመረው ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ እስከ 1982 ዓ.ም. ዘልቆ ከቆመ በኋላ በ1997 ዓ.ም. እንደገና ተጀመረ።

ለመሆኑ እኛን የማረከን ምኑ ነው? በመጀመሪያ ደረጃ፤ ከሽማግሌውና ከልጅ ልጁ ጋር የሚጓዙት ወታደሮች ወይም ባለጠጎች አይደሉም፤ ሁለት መምህራን ናቸው፤ አንዷ የታሪክ፤ ሌላው የሳይንስ። ሣጥኒቱ ወደ ኋላ ስትመለስ ተመልካቹ ታሪክ እንዲማር፤ ወደ ፊት ስትሄድ ደግሞ ሳይንስ እንዲቀስም ታስቦ የተደረገ ነው። የመምህር ደመወዝ መቀለጃ በሆነበት ዘመን ለምንኖር ለእኛ፤ መምህርን ጀግና ሆኖ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የሠሪዎቹ ወጣትነትና የገንዘባቸው ማነስ ነው። ሥራውን በኃላፊነት የመራችው ቬሪቲ ላምበርት በዚያን ጊዜ ገና 28 ዓመት አልሞላትም ነበር። የመጀመሪያውን ታሪክ ያዘጋጀው ዋሪስ ሁሴን ሕንድ አገር የተወለደ የ24 ዓመት ጎልማሳ ነበር። የመክፈቻውን ዜማ ሮን ግሬነር ቢደርሰውም፤ ያንን ጠጉር የሚያቆም ድምፅ የሰጠችው ሒሳብና ሙዚቃ የተማረችው ዴሊያ ደርቢሻየር ናት፤ ይህንንም ያደረገችው ኦርኬስትራ አሰልፋ ሳይሆን እያንዳንዱን ድምፅ በቴፕ እየቀዳች፤ ቴፑን እየቆረጠችና እየቀጠለች ነው። መሣሪያ የለንም፤ በጀት የለንም እያልን እጃችንን አጣጥፈን ለምንቀመጥ ተማሮች ከዚህ የበለጠ ተግሣጽ ከወዴት ይመጣል?

ጉድለቱንም አንሸሽግም። ሣጥኒቱ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ስትሄድ የምናየው ፊታቸውን በቀለም የለወጡ እንግሊዞችን ነው። ይህ በዛሬ ዓይን ሲታይ ያሳፍራል። ሆኖም ድራማው ራሱን ማረም አላቃተውም፤ ከ2016 እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ዶክተሩን ሆኖ የተጫወተው በሩዋንዳ የተወለደው ንኩቲ ጋትዋ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ነበር። ቢ.ቢ.ሲ. ይህን ድራማ በፊልም እየገለበጠ ለብዙ አገሮች ሲሸጥ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከገዙት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሥርጭቱ ግን ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ አያልፍም ነበርና የናዝሬት አያቶቻችን ሰማያዊቱን ሣጥን ለማየት አልታደሉም። እነርሱ የሚያውቋት ተአምረኛ ሣጥን በባቡር ሐዲዱ ላይ የምትበረው ሊቶሪና ብቻ ነበረች።

የሚያሳዝነው ነገር የሚከተለው ነው። ቴፕ ውድ ነበርና፤ ማስቀመጫ ቦታም ጠባብ ነበርና፤ ቢ.ቢ.ሲ. የገዛ ሥራውን እየደመሰሰ በቴፑ ሌላ ፕሮግራም ቀዳበት። ወደ ውጭ አገር የተላኩት ፊልሞችም ከታዩ በኋላ ወደሚቀጥለው አገር እንዲተላለፉ፤ እንዲመለሱ ወይም እንዲቃጠሉ ይታዘዝ ነበር። የዓለም ሀብታም ከሆኑት የቴሌቪዥን ድርጅቶች አንዱ፤ ስለ ጊዜ የሚናገረውን ድራማውን ራሱ ለጊዜ አስበላው! ታዲያ ከጠፉት መካከል ዘጠኝ ክፍሎች በ2006 ዓ.ም. መገኘታቸው ሲነገር የተገኙት በለንደን አልነበረም፤ በናይጄሪያ፤ በጆስ ከተማ፤ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ነው። ባለቤቱ ያጠፋውን አፍሪካ አቆየችለት።

ይህን ባነበብን በሳምንቱ ከመካከላችን አንዱ የእናትና የአባቱን የሠርግ ካሴት ፍለጋ ወደ አንድ የአዳማ ፎቶ ቤት ሄደ፤ እኛም ተከተልነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ጥያቄያችንን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆቼ፤ ካሴት እኮ ውድ ነበር። ሰው ቀብድ ከፍሎ ይጠፋል። ዓመት ጠብቀን ካልመጣ የሌላ ሰው ሠርግ እንቀዳበት ነበር» አሉን። ጓደኛችን ዝም አለ። አባቱ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ድምፃቸው የቀረው በዚያች ካሴት ብቻ ነበር። እኛም ቢ.ቢ.ሲ.ን ስንወቅስበት በነበረው አፋችን አንድ ቃል መናገር አቃተን፤ ምክንያቱ አንድ ዓይነት ነውና። ስንወጣ ሽማግሌው ከመጋዘናቸው ጥግ አንድ ጆንያ አሳዩን፤ ባለቤት ያልመጣላቸው፤ ያልተደመሰሱ ካሴቶች ሞልተውበታል። «ማጫወቻው ዴክ ከተበላሸ ቆየ፤ ምን እንዳለባቸው እኔም ረስቼዋለሁ፤ ልጥላቸው ነው» አሉ። እንዳይጥሉ ለምነን ተለያየን።

እንግዲህ የምንኖርበትን ምድር ተመልከቱ። ከባቱ፤ በቀድሞ ስሟ ከዝዋይ ከተማ አጠገብ፤ ጋዴሞታ በተባለው ስፍራ፤ ከ270 ሺህ ዓመት በላይ እንደሚሆናቸው የተገመተ የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ወደ ቆቃ የሚወርደው የአዋሽ ወንዝ በላይኛው አቅጣጫ የሚያልፍበት መልካ ቁንጡሬም በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስምጥ ሸለቆ የድንጋይ ፍንካች ሳይቀር ለዚህን ያህል ዘመን አፈር አልብሶ ሲጠብቅ፤ በላዩ የምንኖረው ሰዎች የሠላሳ ዓመት ካሴት መጠበቅ እንዴት አቃተን? በዚህ ሸለቆ ሰማያዊት ሣጥን አያስፈልገንም፤ ሸለቆው ራሱ የዘመን መመላለሻ ነው። ነገር ግን ምስልና ድምፅ እንደ ባልጩት አይደሉም፤ ሙቀትና አቧራ ይበላቸዋል፤ ራስ ወዳድነት ደግሞ ይደመስሳቸዋል።

«የምግብ ቤቱ ወጥ ቀጥኖ፤ ውኃ በፈረቃ እየመጣ፤ እናንተ የባዕድ ተረትና የሠርግ ካሴት ታነሣላችሁ?» የሚሉን ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ እናውቃለን። ወጡም ይወፍር፤ ውኃውም ይምጣ፤ ስለዚያም አብረን እንጠይቃለን። ነገር ግን ወጥ ዛሬ ቢቀጥን ነገ ሊወፍር ይችላል። የተደመሰሰ የአባት ድምፅ ግን በማንኛውም በጀት ተመልሶ አይገዛም። ስለ ተረቱም ቢሆን፤ ሰው የባዕድን ተረት የሚወደው የራሱን ቤት እንዲያይበት ከሆነ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ማኅበራችን አንድ የሚሠራ ዴክ ይፈልግ፤ በግዢ ካልሆነ በውሰት። የኤሌክትሪክና የኮምፒዩተር ትምህርት ተማሮች ካሴቶቹን ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጡበትን መንገድ ያዘጋጁ፤ ይህ ከእውቀታቸው በላይ አይደለም። የተገለበጠው ሁሉ በመጀመሪያ ለባለቤቱ ይመለስ፤ የሰው ሠርግ የሰው ነውና ያለ ፈቃድ አይታይ። ለዕረፍት ወደ ሞጆ፤ ወደ መተሐራ፤ ወደ ባቱ፤ ወደ ሻሸመኔ የምንሄደውም በየቤታችን ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የለበሰውን እንፈትሽ፤ ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የት ቤት፤ ከነማን ጋር እንዳዩ አያቶቻችንን ጠይቀን በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ እንጻፈው።

ጆንያው እስካሁን በፎቶ ቤቱ ጥግ ተቀምጧል። የጓደኛችን ካሴት በውስጡ ይኑር አይኑር የሚታወቀው አንድ ዴክ ሲገኝ ነው። ዴክ ያለው ለማኅበሩ ጸሐፊ ይንገር።