የእመቤቲቱ ዶሮና የእኔ ፍርድ

ዛሬ የምንጫወተው ስለ አእዋፍ የቆዳ ነቀርሳ ነው። ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ጸሐፊና ፈተና የደረሰበት ተማሪ ስለ ዶሮ ቆዳ ማወቅ ምን ይረባናል ብላችሁ ገጹን አትለፉት። ነገሩ ከዕንቁላል ይደርሳል።

ባለፈው ክረምት ቤት ያከራዩኝ እመቤት አንዲት ዶሮ ታቅፈው መጡና «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ይህችን እያት» አሉኝ። በአናቷ ላይ በቆመው ቀይ ሥጋና በዓይኗ ዙሪያ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህሉ እባጮች ወጥተውባታል። እኔም ባዮሎጂ አስተማሪነቴን ተማምኜ «እማማ፣ ነቀርሳ ነው» አልኳቸው። ዶሮዋ ታረደች፤ ሥጋዋንም ስለ ፈሩት ተቀበረች። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ሌሎች ዶሮዎች እንደዚያው ሆኑ። የተጠሩት የእንስሳት ሐኪም ገና ሲያዩአቸው ፈገግ አሉ። የዶሮ ፈንጣጣ ነበር!

ይህን በሽታ ቢምቢ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ታዛምተዋለች። በቆዳ ላይ የወጣው ደርቆ እከክ ይሆንና በጥቂት ሳምንት ይረግፋል፤ በአፍና በጉሮሮ የወጣው ግን ይገድላል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው፤ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። በጊዜው ነግሬ ቢሆን ኖሮ ያልታመሙትን በክንፋቸው ቆዳ ላይ መከተብ ይቻል ነበር።

ታዲያ እውነተኛው ነቀርሳ በምን ይታወቃል? በዓይን ብቻ አይታወቅም። በቤት በሚያድጉ በቀቀኖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው በምንቃርና በዓይን አካባቢ፣ በክንፍ ጫፍ፣ ወይም ከጭራ በላይ ባለችው የቅባት ዕጢ ላይ ነው። አንዳንዴም እባጭ ሳይሆን የማይድን ቁስል መስሎ ይቀመጣል። ባለቤቱ ቅባት ሲቀባ ወራት ያልፋሉ፤ ነቀርሳው ግን ወደ ውስጥ ይቦረቡራል። ስለዚህ ሐኪሙ ከቁስሉ ትንሽ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል፤ አጥንት ነክቶ እንደሆነም በራጅ ያያል።

ሕክምናው ዕጢውን በዙሪያው ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር አስፍቶ ቆርጦ ማውጣት ነው። ለመናገር ይቀላል። የወፍ ቆዳ እንደ ሲጋራ ወረቀት ስስ ነው፤ ስቦ ለመስፋት ትርፍ የለውም። 35 ግራም የምትመዝን ትንሽ በቀቀን ያላት ደም ሁሉ 3 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ደም ከፈሰሳት ሕይወቷ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ነቀርሳው በክንፍ ጫፍ ላይ ከሆነ አንዳንዴ ክንፉን መቁረጥ ግድ ይሆናል። በብርድ ማቃጠልና ጨረርም ይሞከራሉ፤ ሆኖም በሽታው ተመልሶ መምጣት ይወዳል። ቶሎ የተያዘ ትንሽ ዕጢ ግን ተቆርጦ ሊድን ይችላል።

ከዶሮ እባጭ ፊት የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ይህን ለመጽናኛዬ እጠቅሳለሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1911 ፔይተን ራውስ የተባለው አሜሪካዊ ከአንዲት ዶሮ ደረት ላይ የተገኘውን ነቀርሳ ፈጭቶ፣ ሕዋስ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥልሎ፣ በሌሎች ዶሮዎች ላይ ቢወጋው ነቀርሳ በቀለባቸው። ነቀርሳ በቫይረስ ይመጣል ማለት ስለሆነ ብዙ ሊቃውንት ነገሩን ሳይቀበሉት ቆዩ። የኖቤል ሽልማት የደረሰው በ1966፣ በ87 ዓመቱ ነው።

ከሦስቱ ዶሮዎች አንዷ ሞተች፤ ሁለቱ ድነው ዕንቁላል ይጥላሉ። እመቤቲቱ ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ አዲሶቹን ጫጩቶች ሊያስከትቡ ሐኪሙን ጠርተዋል። እኔን ያዘዙኝ ክንፍ እንድይዝ ብቻ ነው።