ስክሪኑ ከመገዛቱ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች



አንዲት እናት ከወረዳ ከተማ ተነስታ ለአስር ደቂቃ የክትትል ቀጠሮ አዲስ አበባ ትመጣለች። ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ የአስታማሚው ወጪ ሲደመር ከሕክምናው ይበልጣል። ቴሌሜዲሲን ወይም የርቀት ሕክምና የሚያቃልለው ይህን እንግልት ነው። ስፔሻሊስቱ ውጤቷን ባለችበት ሆስፒታል በኩል አይቶ እዚያው ካለው ሐኪም ጋር ይመካከራል።

ነገሩ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የሕንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶ/ር አብዱል ከላም የአፍሪካን ሀገራት ከሕንድ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚያገናኝ መረብ ሐሳብ አቀረቡ። ሙከራው የተጀመረው በኢትዮጵያ ሲሆን፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሃይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር ተገናኝቶ ነበር። ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ ያቺ እናት ግን ዛሬም አውቶቡስ ላይ ናት።

እኛ ወጣቶች ጀመዓ ሆነን ሆስፒታል ለማገዝ ስንነሳ ቶሎ የሚታየን ዕቃ መግዛት ነው። ኸይር ነው፤ ግን ዕቃ ብቻውን አያክምም። ሶደቃችን መጋዘን ውስጥ አቧራ እንዳይጠጣ ከመግዛታችን በፊት ተቋሙን እንጠይቅ፦

በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ ማን ከስክሪኑ ፊት ይቀመጣል? ከወዲያ በኩል ያለው ሐኪምስ ይህ ከመደበኛ ሥራው ተቆጥሮለታል ወይስ ሲመቸው ነው?

መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ በሽተኛው ምን ይደረጋል?

በርቀት የሚታየውና በአካል መዳሰስ ያለበት ሕመም ተለይቶ ተጽፏል? ሆዷን ይዛ የምታለቅስ ሴት በካሜራ አትመረመርም።

የእህታችን ፎቶ የሚቀመጠው ከካርዷ ጋር ነው ወይስ በሠራተኛው የግል ስልክ ውስጥ? ክፍሉ ይዘጋል? ከፈለገች ሴት ሐኪም ታገኛለች? የበሽተኛ ምስጢር አማና ነው፤ ገመናን መሸፈንም የዲናችን ትምህርት ነው።

ለነዚህ መልስ ያለው ተቋም በአንድ ላፕቶፕም ይጀምራል። መልስ የሌለው ግን ምርጥ ማሽን ቢሰጠውም ያው ነው።

በመካከላችን ነርሶች፣ የጤና መኮንኖች፣ የአይቲ ባለሙያዎች አላችሁ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ሠራተኛ ማሠልጠን፣ የቀጠሮ መዝገብ ማደራጀት፣ የኔትወርክ ብልሽት መጠገን ከብር መዋጮ የማይተናነስ ሶደቃ ነው። ግመሉን ሳያስሩ ተወኩል የለም። እኛም መጀመሪያ እንሰር፤ ከዚያ ሺፋው ከአላህ ነው።

አላህ ይወፍቀን።