አሮጌ ማዘርቦርድ ለአዲስ ግራፊክስ ካርድ እንቅፋት ነውን?

የምርምር ኮምፒውተር ሲያረጅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ ማዘርቦርዱ ያረጀ በመሆኑ አዲስ ግራፊክስ ካርድ መግዛት ከንቱ ነው፤ ኮምፒውተሩ በሙሉ ይለወጥ የሚል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲሰላ እጅግ ተወድዷልና ይህ ፍርድ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም። ማዘርቦርድ ካርድን የሚገድብበት ሁኔታ አለ፤ ሆኖም ከሚታሰበው በእጅጉ የጠበበ ነው።

ለአብነት ያህል፣ በጉለሌ ሽሮ ሜዳ የሚሸመኑትን ጥለቶች በፎቶግራፍ ለይቶ የሚመድብ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥናት ይታሰብ። እያንዳንዱ ምስል 224 በ224 ፒክስል ሆኖ 64 ምስሎች በአንድ ጊዜ ወደ ካርዱ ቢላኩ፣ መጠናቸው 39 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 በ16 መስመሮች በሰከንድ እስከ 16 ጊጋባይት ገደማ ስለሚያሳልፍ፣ ጭነቱ ካርዱ ዘንድ ለመድረስ 2.5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ተከታዩ ትውልድ ይህን ጊዜ በግማሽ ይቀንሰዋል። ነገር ግን ስሌቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚፈጅና ዝውውሩም ከስሌቱ ጎን ለጎን ሊካሄድ ስለሚችል፣ የሚተርፈው ጊዜ እምብዛም አይደለም። ካርዱ ሥራ ፈትቶ ከታየም ምክንያቱ ምስሎቹን ከዘገምተኛ ሃርድ ዲስክ ማንበብ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ መፍትሔው ርካሽ ነው።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔ አዲስ ጥለት ለማውጣት አዲስ የሽመና ዕቃ አያስፈልገውም። መወርወሪያው በእጅ የሚወረወር በመሆኑ ግን የሸማው ወርድ በክንዱ ይወሰናል፤ ሰፊ ልብስ ሲፈለግ ቁራጮች ጎን ለጎን ይሰፋሉ። የአሮጌ ማዘርቦርድ ገደብም እንዲሁ የወርድ ገደብ ነው። ሞዴሉ ከካርዱ ሜሞሪ በልጦ ከፊሉ በኮምፒውተሩ ራም ላይ ሲቀመጥ፣ መረጃው ያለማቋረጥ ይመላለሳልና የመስመሩ ጥበት ወዲያው ይታወቃል። 7 ቢሊዮን መለኪያዎች ያሉት የቋንቋ ሞዴል በ16 ቢት ሲጫን ለመለኪያዎቹ ብቻ 14 ጊጋባይት ይሻል፤ 12 ጊጋባይት ያለው ካርድ አይችለውም።

ስለዚህ ለአሮጌ ማዘርቦርድ ካርድ ሲመረጥ ከአዲስነቱ ይልቅ ሜሞሪውና የመስመሮቹ ብዛት ሊታዩ ይገባል። አርቲኤክስ 4060 ከአርቲኤክስ 3060 በኋላ የወጣ ቢሆንም ያለው 8 ጊጋባይት ሜሞሪና 8 መስመር ነው፤ የቀደመው ባለ 12 ጊጋባይት ካርድ ግን 16 መስመር አለው። ሜሞሪ ለሚበላ ጥናት አሮጌው ካርድ በአሮጌው ማዘርቦርድ ላይ የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ተቃራኒው ሐሳብም ክብደት አለው። እጅግ ያረጀ ባዮስ አዲስ ካርድ ላይቀበል ይችላል፤ የቢሮ ኮምፒውተሮች ሳጥን ጠባብ፣ ፓወር ሰፕላያቸውም አነስተኛ ነው። የማዘርቦርዱ ማስገቢያ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ብቻ ሲሆን፣ አርቲኤክስ 3060 ግን 170 ዋት ይፈልጋል። ሆኖም ፓወር ሰፕላይ መለወጥ ኮምፒውተር ከመለወጥ ይቀላል። ካርዱም ነገ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ይሸጋገራል፤ የዲዲአር 4 ራም ግን በዲዲአር 5 ማዘርቦርድ ላይ አይሰካም።

የትምህርት ክፍሎች ሙሉ ኮምፒውተር እንዲገዛ ከመጠየቃቸው በፊት ሦስት ነገሮችን ቢለኩ ይበጃል፦ ሥራው የሚሻውን የካርድ ሜሞሪ፣ ካርዱ በሥራ ላይ የሚቆይበትን ጊዜና የፓወር ሰፕላዩን አቅም። ልኬቱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ሳይለካ የሚወጣው ገንዘብ ግን የሌላ ተማሪን ጥናት ሊያስቀር ይችላል።