እንግዳና የባንክ ደብተር

ከቆላ አገር ወጥቶ ሮቤ የሚመደብ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር ይቸግረዋል፤ ጋቢና የባንክ ደብተር። ጋቢውን ከገበያ ይገዛል። ለደብተሩ ግን ማንነቱን ማስረዳት አለበት፤ ለአገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ የሆነ ሰው ደግሞ ማንነቱን በማን ያስረዳል? እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የትውልድ ቀበሌው መታወቂያ ጊዜው አልፎበት ይገኝ ነበር፤ የሮቤው ቀበሌ ነዋሪዬ አይደለህም ይለው ነበር፤ የዩኒቬርሲቲው መታወቂያም ገና አልደረሰለትም።

ታዲያ ምን ያደርጋል? በጓደኛው ሒሳብ ያስልካል። ይህን እንደ ቀላል ነገር የምናይ ብዙዎች ነን፤ ነገር ግን ቀላል አይደለም። አባት በሬ ሸጦ የላከው ብር በሌላ ሰው ስም ከገባ ባንኩ የሚያውቀው ባለ ስሙን እንጂ ባለ በሬውን አይደለም። ጓደኛው የታመነ ሰው ቢሆን እንኳ ይታመማል፣ ስልኩ ይጠፋል፣ አገሩ ይሄዳል። ስሙን ያዋሰውም ቢሆን ምንጩን ስለማያውቀው ገንዘብ ይጠየቃል።

በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ለኢትዮጵያዊው ተማሪ መንገዱ ተጠርጓል። የፋይዳው 12 አኀዝ ጎንደርም ሮቤም ያው ነው፤ ብሔራዊ ባንክም ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ለሒሳብ መክፈቻ ግዴታ አድርጎታል። ያልተመዘገበ ካለ ይመዝገብ፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

የእኔ ነገር ስለ እውነተኛው እንግዳ ነው፤ ይኸውም ጦርነት ከአገሩ ያወጣው፣ በአገራችን ዩኒቬርሲቲዎች አብሮን እንዲማር የሚመደበው ስደተኛ ወንድማችንና እኅታችን። ለእርሱም ሕግ አለለት። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ፣ የመንግሥት የስደተኞች መሥሪያ ቤት በሰጠው መታወቂያ በስሙ ሒሳብ ሊከፍት እንደሚችል ይደነግጋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም ፋይዳ ለስደተኞች መሰጠት ጀምሯል። እንግዲህ ሕጉ ተጽፏል፤ የቀረው መስኮቱ ነው።

ባሌ ደጋ ከስደተኛ ጣቢያዎቹ ሩቅ ነው። ጋምቤላ ያለው የባንክ ሠራተኛ ያን ካርድ በየቀኑ ያየዋል፤ ሮቤ ያለው ግን ዕድሜውን ሙሉ ላያየው ይችላል። ባያውቀው «የበላይ ልጠይቅና ሌላ ቀን ተመለስ» ማለቱ ከክፋት አይደለም። ሒሳቡን በስሕተት ከከፈተ ይጠየቃል፤ እንግዳውን ቢመልስ ግን ማንም አይጠይቀውም። ሚዛኑ የተዛባው እዚህ ላይ ነው፤ ሠራተኛውን መውቀስም አያቃናውም።

እኛም ባሕር ስንሻገር ያው ነን። ወደ ጀርመን ለትምህርት የሚሄድ የእኛ ልጅ ቪዛ ለማግኘት ብዙውን ጊዜ የዓመት ወጪውን በተዘጋ ሒሳብ አስቀምጦ ማሳየት አለበት፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ልኩ 11,904 ዩሮ ነበር። ይህ ለእኛ ቤት የማይታሰብ ገንዘብ ነው። ሆኖም እነዚያው አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት መመሪያ፣ በሕግ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ቋሚ አድራሻ የሌለውና ጥገኝነት ጠያቂው ጭምር፣ መሠረታዊ ሒሳብ የመክፈት መብት አለው ብለዋል። ባንኩ እምቢ ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ፣ ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ይህችን አንዲቱን ነገር ብንዋስ ምን ይለናል? በጽሑፍ እምቢ ማለት በቃል እምቢ እንደ ማለት አይቀልም፤ የሚፈርም ሰው አዋጁን ገልጦ ያያል። ባንክ ነጋዴ እንጂ ግብረ ሰናይ አይደለም የሚሉ ይኖራሉ። እኛም ምጽዋት አልለመንንም፤ ገንዘባችንን ተቀበሉን ነው ያልነው።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ከሚቀጥለው ምዝገባ በፊት ለሮቤና ለጎባ ባንኮች ደብዳቤ ይጻፍ። በምዝገባው ሳምንት አንዳንድ ሠራተኛ ወደ ግቢያችን ይላኩ፤ የአዋጁንም ቅጂ ማኅበሩ አባዝቶ ያድላቸው፤ ለሚመልሱት ሰው ምክንያቱን ጽፈው ይስጡት። ጎባ ያሉት የጤና ተማሪዎች ለዚህ ሲሉ ሮቤ ድረስ እንዳይመላለሱ ለእነርሱም በዚያው ይደረግላቸው።