ድንበር መጣስ በሞት አያስቀጣም፦ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢ.ፌ.ዲ.ሪ. የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ድንበር ስለተገደሉ ኢትዮጵያውያን

ክቡር ሚኒስትር፣

ነገሩን ከሥሩ መተረክ አያሻም፤ መሥሪያ ቤትዎ ያውቀዋል። ነሐሴ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ ግድያውን ከሳዑዲ ባለሥልጣናት ጋር ሆኖ በአፋጣኝ እንደሚመረምር አስታወቀ፤ እስከዚያው ሁሉም ካልተጣራ ግምት እንዲቆጠብም ጠየቀ። ሕዝቡ የመሥሪያ ቤትዎን ቃል አምኖ ታገሠ። ዓመታት አልፈው የምርመራው ውጤት ሲነገር ግን አልሰማንም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በአክብሮት ለእርስዎ ቢጻፍም፣ መርዶ ሳይደርሳት፣ እርሟን ሳታወጣ የልጇን ስልክ የምትጠብቅ እናት ሁሉ ታንብበው።

ከሚኒስቴሩ መግለጫ አንድ ቀን ቀደም ብሎ የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂውማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በጥይትና በከባድ መሣሪያ እንደገደሉ ገልጿል። ድርጅቱ 42 ሰዎችን አነጋግሯል፤ ከ350 በላይ ቪዲዮዎችንና ፎቶግራፎችን፣ የሳተላይት ምስሎችንም መርምሯል። ከዚያም በፊት የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተሮች በኦክቶበር 2022 ለሳዑዲ መንግሥት በጻፉት ደብዳቤ፣ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ አራት ወራት ብቻ ወደ 430 ሰዎች እንደሞቱና 650 እንደቆሰሉ የሚገልጽ አቤቱታ እንደደረሳቸው አስታውቀዋል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረተ ቢስ ብሎታል፤ ይህንንም አንደብቅም። ነገር ግን በክስና በማስተባበያ መካከል እውነቱን የሚለየው ምርመራ ነው፤ መሥሪያ ቤትዎ ቃል የገባልንም እሱኑ ነበር። ከሪፖርቱ ሁሉ የከበደው ደግሞ ይህ ነው፦ ተይዘው ከተለቀቁ በኋላ ወደ የመን በመመለስ ላይ ሳሉ በከባድ መሣሪያ የተደበደቡ አሉ። የትኛው እጃቸው ወይም እግራቸው እንዲመታ እንደሚመርጡ ተጠይቀው ከቅርብ የተተኮሰባቸውም አሉ።

የታጠቀ የሕግ አስከባሪ ሰው መግደል የሚፈቀድለት መቼ ነው? እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት መርሆዎች መልሱን ይሰጣሉ፦ ሆን ብሎ መግደል የሚቻለው የሰው ሕይወት ለማዳን ፈጽሞ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። መሣሪያው የተሰጠው ለመቅጣት አይደለም፤ ቅጣት የዳኛ ሥራ ነው። ስለዚህ መለኪያው ሰውየው ትናንት የሠራው ጥፋት ሳይሆን፣ በዚያች ቅጽበት በሌላው ሕይወት ላይ የደቀነው አደጋ ነው። ነፍሰ ገዳይ እንኳ እጁን ከሰጠ አይተኮስበትም። ታዲያ ተለቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ስደተኛ የማንን ሕይወት ያሰጋል? ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀችው የዓረብ ሰብአዊ መብቶች ቻርተርም በሕይወት የመኖር መብትን የሁሉም ሰው ያደርገዋል፤ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ላለው ብቻ አላለም።

«አገር ድንበሩን የመጠበቅ መብት አለው» ይባላል። አለው፤ መያዝ፣ ማሰርና መመለስ ይችላል። «አካባቢው የጦርነት ቀጠና ነው፤ ደላሎቹም ይታጠቃሉ» ይባላል። የታጠቀ ሰው ሲተኩስ መመከት ይፈቀዳል፤ ባዶ እጃቸውን የሚጓዙ ሴቶችና ሕፃናት ግን በደላላው ጠመንጃ ምክንያት ተዋጊ አይሆኑም። «ሳዑዲ የሚሠሩት ኢትዮጵያውያን እንዳይጎዱ ነገሩን በለሆሳስ እንያዘው» የሚሉም አሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም የሚለው ምክር ለግለሰብ ይሠራ ይሆናል፤ የዜጋን ደም እንዲጠይቅ ለተሾመ መሥሪያ ቤት ግን አይሠራም። ሟቹ ሳይጠየቅለት የቀረ ሕዝብ በሕይወት ያለውም ይረክሳል።

ስለዚህ የምርመራው ውጤት፣ ካልተጀመረም አለመጀመሩ፣ በይፋ ይነገረን። የሟቾች ስምና የተቀበሩበት ቦታ ተጣርቶ ለቤተሰብ መርዶ ይነገር፤ እጅ እግራቸውን ያጡት ሕክምናና ካሳ ያግኙ። መንግሥት በተባበሩት መንግሥታት የሚመራ ገለልተኛ ምርመራ በይፋ ይጠይቅ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ሚኒስቴሩን ጠርቶ ይጠይቅ። ሰው በደላላ በረሃ እንዳያቋርጥ ሕጋዊው የሥራ መንገድ ለድሃውም ይከፈት። ከዚህም አልፈን፣ ሚዛኑ ለራሳችንም ይሁን እንላለን። በ2006 ዓ.ም. በሪያድ መንፉሃ ሰፈር ለሞቱት ኢትዮጵያውያን ለመጮኽ በአዲስ አበባ የሳዑዲ ኤምባሲ ደጃፍ የወጡትን ሰዎች የበተነው የኢትዮጵያ ፖሊስ ነበር። በአገር ውስጥ በጸጥታ ኃይል ጥይት ሰው በሞተ ቁጥር ገለልተኛ ምርመራ ይካሄድ፤ ውጤቱም ይታተም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 15 በሕይወት የመኖርን መብት ለማንኛውም ሰው የሰጠ ነውና፣ በደጃችን የማናከብረውን ከሰው ደጅ ስንጠይቅ ቃላችን ክብደት ያጣል።

መልስዎን እንደዚህ ደብዳቤ ሁሉ በግልጽ እንጠብቃለን። እናቶቹ ቢያንስ የት ሄደው እንደሚያለቅሱ ይወቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በጀራዲያ፣ ሪያድ ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን