ወረቀቱን ተዉት፣ ምጣዱን እዩት

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጃችን ቤት እራት ተጠርተን ነበር። ከእራት በኋላ ባለቤቱ ማንቆርቆሪያውን ጣደ፤ ከመስታወት ዕቃ አፍ ላይ ነጭ ወረቀት አጥፎ አስቀመጠ፤ የፈጨውን ቡና ጨመረበትና ፍል ውሃውን ቀስ እያለ ያፈስበት ጀመር። ከዚያ የተባለውን መቼም አንባቢ ይገምተዋል። «ምነው፣ ላቦራቶሪ አስመሰልከው!» «ቡና ነው ወይስ ሻይ?» አንዷ እኅታችንማ «ጀበናው የት ሄደ? አገርህን እንዲህ ቶሎ ረሳህ?» አለችው። ሰውየው ሳቅ ብሎ ዝም አለ። እኔም አብሬ ዝም ማለቴ ስለቆጨኝ መልሱን እዚህ ልጻፈው።

ለመሆኑ ያን ዕለት የተሳለቅነው ሰዎች በአዘቦት ቀን ምን እንጠጣለን? ጀበናችን ከመደርደሪያው ላይ፣ ከላሊበላው ሥዕል አጠገብ፣ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ጠዋት ወደ ሥራ ስንሮጥ የምንጠጣው ከጠርሙስ በማንኪያ ተዝቆ ፍል ውሃ የሚደፋበትን ዱቄት ነው፤ አለዚያም ማሽኑ አፍልቶት ሁለት ሰዓት ሙሉ ከታች ሲቃጠል የቆየውን። ይህን ስንጠጣ አገር አልረሳንም። ሰውየው በገዛ እጁ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ቡና ሲያጠልል ግን ከሃዲ ሆነ!

ጀበናን የሚነካ ነገር አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። አቦል፣ ቶናና በረካ ሰው የሚሰበሰብበት ነው። ዕጣኑ፣ ፈንዲሻው፣ የጎረቤቱ ወሬ በወረቀት አይጠለልም። ነገር ግን ማክሰኞ ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ብቻውን ተነሥቶ ለሥራ የሚወጣ ሰው በረካ ከማን ጋር ይጠጣ?

ማጥለልስ ቢሆን ከእኛ ምን ያርቀዋል? በአንዳንድ ቤት እናቶቻችን አተላው እንዳይወርድ በጀበናው አፍ ጭራ ይወትፉ ነበር። የወረቀቱ ነገርም የመጣው ከአንዲት እመቤት ማድቤት ነው። ሜሊታ ቤንትስ የምትባል የድሬስደን ሴት በ1908 እ.ኤ.አ. አተላው ቢያስመርራት የናስ ዕቃ ታቹን በምስማር በሳስታ፣ ከልጇ ደብተር የቀለም መምጠጫ ወረቀት ቀዳ ዘረጋችበት። የእኛዋ በጭራ፣ የእሷ በወረቀት፤ ችግሩ አንድ ነው።

«ቀጠነ» ለሚሉትም መልስ አለኝ። የቀጠነው ወረቀቱ ቅባቱንና ደቃቁን አተላ ስለሚያስቀር እንጂ ቡናው ስለደከመ አይደለም። ከቅባቱ ውስጥ ካፌስቶል የሚባለው መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፤ ሳይጠለል ፈልቶ በሚጠጣ ቡና ውስጥ በብዛት ይገኛል፣ ወረቀት ግን አብዛኛውን ይይዘዋል። ኮሌስትሮላችሁ ከፍ ብሏል የተባላችሁ ይህን ልብ በሉልኝ።

ዋናው ጠቤ ግን ከምጣዱ ጋር ነው። በሻንጣ የመጣልንን ጥሬ ቡና ቅባቱ ወጥቶ እስኪያንጸባርቅ፣ እስኪጠቁር እንቆላዋለን፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው እስኪጮህ ማለቴ ነው። ይርጋጨፌ ላይ ያ ቡና ቀይ ቀዩ ተመርጦ ተለቅሟል፤ ተፈልፍሎ በውሃ ታጥቧል፤ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እየተገላበጠ ለቀናት ደርቋል። ይህ ሁሉ ድካም የአበባና የሎሚ መዓዛውን ለማቆየት ነው። የሐረሩ ደግሞ ከነገለባው በፀሐይ ስለሚደርቅ የወይን ጠጅ ቃና አለው። አጥቁረን ስንቆላቸው ሁለቱም ከሰል ናቸው። ምሬቱን ለማሸነፍ ሦስት ማንኪያ ስኳር እንጨምርና «የእኛ ቡና እኮ!» እንላለን። ወረቀት ይህን አይሸሽግም። የቡናውን መልካምነትም የቆላነውን ጥፋትም ሳይጨምር ሳይቀንስ ያወጣዋል። አንዳንዶቻችን የምንጠላው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

መሞከር ለሚፈልግ ነገሩ ቀላል ነው። ለአንድ ሰው 15 ግራም ቡና ለ250 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። ቡናው ቡናማ እንዳለ ከምጣድ ይውጣ፤ እንደ ጀበናው ወዲያው ሳይሆን ጥቂት ቀናት ይደር። ሲፈጭ እንደ ስኳር ሻከር ይበል፤ ከላመ ወረቀቱን ይደፍነዋል። ወረቀቱን በፍል ውሃ አለቅልቁት። ውሃው ከፈላ በኋላ ትንሽ ፋታ ስጡትና በመጀመሪያ ቡናው እስኪርስ ብቻ አፍስሱ፤ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። በመቆላቱ ጊዜ የታመቀው አየር ሲወጣ ቡናው ኩፍ ይላል። (እኔ ይህችን ግማሽ ደቂቃ እወዳታለሁ፤ መዓዛው የሚነሣው ያን ጊዜ ነው።) ከዚያ ቀስ እያላችሁ፣ ክብ እየሠራችሁ የቀረውን ጨምሩ። ሁሉም በሦስት ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ማሽን የለም፣ ኤሌክትሪክ የሚሻው ማንቆርቆሪያው ብቻ ነው።

በ2005 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠይቆ ነበር። ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ክርክር በ2007 በስምምነት እስኪያበቃ ድረስ «ስማችንን ሊወስዱብን!» ብለን ስንቶቻችን ተቆጣን። ቁጣው ትክክል ነበር። ግን ያን ጊዜ ሦስቱን ቡናዎች በሦስት ሲኒ ቀድቶ ለይልኝ ያለን ሰው ቢኖር ስንቶቻችን እንለይ ነበር? አንድ የውጭ አገር ጎረምሳ ቡና ቤት ቆሞ የቡናውን ወረዳና አደራረቅ ሲነግረን የምናፍረው ለምን ይመስላችኋል?

ያ ወዳጃችን ያን ዕለት ያጠለለው የጉጂ ቡና ነበር። ይህን የሰማሁት ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ሲኒ ሳጥብለት ነው። ሁላችንም ስንስቅበት ስላመሸን ከየት እንደመጣ የጠየቀው አልነበረም።